ታኅሣሥ፣ ግጭ ላይ፣ በድንኳን ውስጥ

«የአራት ወቅት» የሚባለውን ድንኳን የሚሠሩት ሰዎች አራተኛ የሚሉት ወቅት በረዶ የሚጥልበትን ነው። እኛ ዘንድ ግን ክረምት የዝናብ እንጂ የውርጭ ወቅት አይደለም፤ የደጋው ብርድ አጥንት የሚሰብረው በበጋው፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ሰማዩ ጠርቶ ኮከብ ሲበዛ ነው፤ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት የሚያግድ ደመና ስለሌለ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ትለቀዋለችና። ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የግጭ ማደሪያ ድንኳኔን የተከልኩት በእንዲህ ያለ የታኅሣሥ ምሽት ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረኝ ድንኳን የውስጥ ግድግዳው ግማሹ ወንፊት ነበር። ሳንቃበር በሚባለው ሌላ የስሜን ማደሪያ አንድ ሌሊት ከገደሉ የሚነሣው ነፋስ በሽፋኑ ሥር ገብቶ ፊቴን ሲገርፈኝ አደረ፤ ሊነጋ ሲል አንዱን ዘንግ ሰበረው። አዲሱ የአራት ወቅት ድንኳን ግን ግድግዳው ድፍን ጨርቅ ነው፤ ሽፋኑ እስከ መሬት ይወርዳል፤ አራቱ የአሉሚኒየም ዘንጎቹም እርስ በርስ ስለሚጠላለፉ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ጫናውን ይጋሩታል። ክብደቱ አምስት ኪሎ ግራም ስለሚጠጋ በቅሎ ባይኖር ኖሮ ይዤው አልወጣም ነበር። መሬቱ ደርቆ ካስማ አላስገባ ስላለኝ አውታሮቹን በትልልቅ ድንጋዮች ላይ ጠምጥሜ አሰርኳቸው።

ከዚያም ሙቀት እንዳይወጣ ብዬ መተንፈሻዎቹን ሁሉ ዘጋሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስነቃ ስሊፒንግ ባጌ በእግሬ በኩል ርሷል፤ ባትሪ ሳበራ ትንፋሼ ጣሪያው ላይ ነጭ አመዳይ ሆኖ ተጋግሯል፤ ግድግዳውን በክርኔ ብነካው እንደ ዱቄት አንገቴ ላይ ረገፈ።

ጠዋት አብረውን የነበሩት አዛውንት ጠባቂ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ መጥተው የረጠበውን አዩና «ልጄ፣ ጎጆ እንኳ በሳሩ በኩል ይተነፍሳል፤ አንተ ራስህን አፍነህ ነው ያደርከው» አሉኝ።

በማግሥቱ ሁለቱንም የላይ መተንፈሻዎች ከፈትኩ፤ የበሩንም ዚፕ ከላይ አንድ ስንዝር ያህል ተውኩት። ድንኳን ነፋስን ይመክታል እንጂ አያሞቅም፤ ሙቀቱ የሚገኘው ከራስ ገላ ነው፤ አብዛኛውን የሚሰርቀው ደግሞ መሬቱ ነው። ስለዚህ ልደርበው ያመጣሁትን ጋቢ አጥፌ ከፍራሹ ሥር አነጠፍኩት፤ የፈላ ውኃም በኮዳ ሞልቼ እግሬ ሥር አደረግሁ። ከሰል ወደ ውስጥ እናስገባ ያለውን ጓደኛችንን ግን አጥብቄ ከለከልኩት፤ የፋመ ከሰል የማይታይና የማይሸት መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ እንዲህ ድፍን በሆነ ድንኳን ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊቀር ይችላል።

በዚያ ሌሊት ደጅ የረሳሁት የውኃ ጠርሙስ ድንጋይ ሆኖ አደረ፤ ጣሪያዬ ላይ ግን ጥቂት ጠብታ ብቻ ነበር። ጭላዶቹ ከገደሉ መውጣት ሲጀምሩ በሽፋኑ ላይ ያለው አመዳይ ገና መቅለጡ ነበር፤ በቅሎ ጫኛችን ግን እስኪደርቅ ለመጠበቅ ፈቃደኛ አልነበረም። እርጥቡን ጠቅልለን ጫንነውና ማታ ቀጣዩ ማደሪያችን ጨነቅ ስንደርስ፣ ከሻዩም ከእራቱም በፊት አውጥቼ ጓሳው ላይ ዘረጋሁት።