የደሴን ሁለት ብርዶች በሻይና በቅጠላ ቅጠል፦ የሰባት ወር የልምድ ማካፈያ

ደሴ ላይ ብርድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። የመጀመሪያው ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም የሚዘልቀው የክረምቱ ብርድ ነው፤ ጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ለቀናት የማይታይበት፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት እርጥብ ብርድ። ሁለተኛው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት እስከ ጥር የሚቆየው፣ ቀን ፀሐዩ ደምቆ ሌሊት ውርጭ የሚወርድበት ደረቅ ብርድ ሲሆን፣ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለውም ለእሱ ነው። በቤታችን ለሁለቱም የሚፈላው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፦ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ጦስኝ፣ ጤና አዳም፣ የተገኘው ሁሉ በአንድ ማንቆርቆሪያ ይገባና ከሻይ ቅጠሉ ጋር እስኪጠቁር ድረስ ይንተከተካል። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ ይህን ትቼ እያንዳንዱን ቅጠልና ቅመም ለየብቻ እያፈላሁ፣ መጠኑንና የቆየበትን ደቂቃ በደብተር ስመዘግብ ቆይቻለሁ። በዚሁ ነገር ለምትደክሙ ወዳጆቼ የሚጠቅም መስሎ ስለታየኝ የደረስኩበትን እነሆ እጽፋለሁ።

መነሻዬ እናቴ ናት። በሐምሌ አጋማሽ ጉንፋን ይዟት ያፈላሁላትን ሻይ ሁለት ጊዜ ፉት ካለች በኋላ ብርጭቆውን አስቀመጠችና «ልጄ፣ ቅመሙ ሁሉ አለበት፤ የአንዱም ጣዕም ግን የለበትም» አለችኝ። እኔም ስቀምሰው እውነቷን ነበር። ቅርንፉዱ ሁሉን ውጦታል፣ የሻይ ቅጠሉ መርሯል፣ ጦስኙ ደግሞ ከነመኖሩም አይታወቅም። የገረመኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም ሻዩ ሲፈላ ቤቱን ሁሉ ያወደው የጦስኙ ሽታ ነበርና።

መልሱን ያገኘሁት እዚያው ሽታው ውስጥ ነው። ጦስኝ ሽታውንም ጣዕሙንም የሚያገኘው ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ፣ በሙቀት በቀላሉ ከሚተኑ የቅባት ዓይነቶች ሲሆን፣ ማንቆርቆሪያው ክፍት ሆኖ ሲንተከተክ እነዚህ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣሉ። ስለዚህ ቤቱን ያወደው ሽታ ከብርጭቆው የጎደለው ነበር ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ በአንድ ቀን ሦስት ብርጭቆ አዘጋጀሁ፤ ለእያንዳንዱም አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ መደብኩ። የመጀመሪያውን ክዳን በሌለው ድስት አሥር ደቂቃ አፈላሁት፤ በሁለተኛው ላይ የፈላ ውሃ አፍስሼ ሳልከድነው ሰባት ደቂቃ ተውኩት፤ ሦስተኛውንም እንደዚሁ አድርጌ፣ ነገር ግን በሲኒ ማስቀመጫ ከድኜ ሰባት ደቂቃ አቆየሁት። የመጀመሪያው ቀለሙ ጠቁሮ ጣዕሙ ወደ ድርቆሽ ያደላ ነበር። ሁለተኛው ይጠጣል። ሦስተኛው ግን ጉሮሮን የሚያሞቅ፣ አፍንጫን የሚከፍት፣ ከጠጡት በኋላም ምላስ ላይ የሚቆይ ሆኖ አገኘሁት። ክዳኑን ሳነሳ በውስጠኛው ገጹ ላይ የተንጠለጠሉት ጠብታዎች ከሁሉ የበለጠ ይሸቱ ስለነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ክዳኑን ብርጭቆው ላይ ዘንበል አድርጌ ጠብታዎቹን ሳላራግፍ አልጠጣም።

ከዚህ በኋላ በቤቱ ያለውን ሁሉ በሁለት ከፈልኩት፤ የሚፈላና የሚዘፈዘፍ። ሥር፣ ልጣጭ፣ የደረቀ እምቡጥና ፍሬ የሆነው ጠንካራ ነገር፣ ማለትም ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ኮረሪማ፣ ጣዕሙን የሚለቀው በእሳት ላይ ቆይቶ ስለሆነ ይፈላል። ጦስኝ፣ ናና፣ ጠጅ ሳርና በሶብላ ግን ቅጠል ናቸውና ውሃው ከእሳት ከወረደ በኋላ ይገቡና ተከድነው ይዘፈዘፋሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት ስፈልግ በመጀመሪያ ቅመሙን በዝግታ አሥራ አምስት ደቂቃ አፈላለሁ፣ አወርደዋለሁ፣ ከዚያም ቅጠሉን ጨምሬ እከድናለሁ። እንዲህ ሳስበው ቀላል ነገር ነው፤ ሆኖም ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ሙሉ ጥሩ ጦስኝ ለጣሪያው እንዳጠጣሁ ሳስብ ይቆጨኛል።

የሻይ ቅጠሉን ጉዳይ ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሦስት ደቂቃ ስከተል ሻዩ ሁልጊዜ ቀጭን ይሆንብኝ ነበር። ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ሄጄ በዚያው ቅጠል በሦስት ደቂቃ ደኅና ሻይ ሲወጣልኝ ግራ ገባኝ። ጎረቤታችን የሆነ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ምክንያቱን አስረዳኝና የሙቀት መለኪያም አዋሰኝ። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ የመፍያው ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል እየወረደ ይሄዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃችን 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እየተንተከተከ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ ማገዶ ብንጨምርም እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስ ከፍታው 1,850 ሜትር ያህል ይሆናል፣ ውሃውም 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለጥቁር ሻይ ግን ትንሽ አይደለም፣ ምክንያቱም ጥቁር ሻይ ኃይሉን የሚሰጠው በጣም ትኩስ በሆነ ውሃ ነው።

የእኛ እናቶች የሻይ ቅጠልን ከውሃው ጋር የሚያፈሉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በደጋ አገር ውሃ አፍልቶ ቅጠሉ ላይ ማፍሰስ ብቻውን አይበቃም፤ ቀዝቃዛው ብርጭቆ ከዚያው ላይ ሌላ ሙቀት ይሰርቃል። ስህተቱ የነበረው ማፍላቱ ላይ ሳይሆን ርዝመቱ ላይ ነው። አሁን የማደርገው ብርጭቆውን አስቀድሜ በሙቅ ውሃ ማሞቅ፣ ቅጠሉንም በሚንተከተክ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ብቻ አቆይቼ ማውረድና ተከድኖ አራት ደቂቃ እንዲቀመጥ መተው ነው። ከዚያ በላይ ሲቆይ ታኒን የተባለው አፍን የሚያደርቅ ነገር እየበዛ ሻዩን ያመርረዋል፤ ያንን ለመሸፈንም ስኳር ይበዛል። በዚህ አሠራር ከሁለት ማንኪያ ተኩል ስኳር ወደ አንድ ወርጃለሁ።

ስለ ዝንጅብል ያስተዋልኩትንም ልጨምር። እርጥቡና ደረቁ የአንድ ነገር ሁለት መልክ ብቻ አይደሉም። በእርጥቡ ውስጥ ያለው ጂንጀሮል ሲደርቅ ከፊሉ ሾጋኦል ወደሚባል የበለጠ የሚያቃጥል ነገር ስለሚለወጥ፣ ደረቁ ሆድን የሚያሞቅ ጠንካራ ሙቀት ይሰጣል፣ እርጥቡ ደግሞ የሎሚ ቃና ያለው ለስላሳ መጠጥ ይሆናል። ለክረምቱ እርጥብ ብርድ ደረቁን በሙቀጫ ሰብሬ፣ ለጥቅምቱ ደረቅ ብርድ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል እርጥብ ዝንጅብል ከነልጣጩ አጥቤ ቀጥቅጬ አፈላለሁ። ቅርንፉድን ለአንድ ሊትር ከሁለት ፍሬ በላይ አላስገባም። ቀረፋ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ አይጣልም፤ ደርቆ ለሁለተኛ ጊዜ ያገለግላል።

ጦስኙን የምገዛው ሰኞ ገበያ ከኩታበር አቅጣጫ ይዘው ከሚመጡ አንዲት እናት ነው። በነሐሴ ብዙ ገዝቼ ለማድረቅ ሞክሬ ሁለት ጊዜ አጥፍቻለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ጳጉሜን ላይ ብልጭ ባለች ፀሐይ አሰጣሁት፤ ደረቀ፣ ግን አረንጓዴው ወደ ቡናማ ተለወጠ፣ ሽታውም ግማሽ በግማሽ ሄደ። በሁለተኛው ጊዜ ከፀሐይ አሽሽቼ ጓዳ ውስጥ አቆየሁትና ጨርሶ ሳይደርቅ በፌስታል ቋጥሬ አስቀመጥኩት፤ በሳምንቱ ስፈታው ሻግቶ ነበር። የሻገተ ቅጠል ታጥቦም ቢሆን መጠጣት ስለሌለበት ሁሉንም ደፋሁት። እኚያ እናት ሳዝን አይተው «አብሽሪ ልጄ፣ ጦስኝ የሚደርቀው በጥላና በነፋስ ነው፤ ክረምቱ ይውጣና ትመለሺበታለሽ» አሉኝ። እንዳሉትም በጥቅምት ሰፌድ ላይ ስስ አድርጌ በረንዳው ጥላ ሥር በትኜ፣ ቀን ቀን እያገላበጥኩ በስድስት ቀን አደረቅኩት። ግንዱ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል ማለት ነው፤ ከተለመጠ ገና ነው። አሁን ክዳን ባለው ጠርሙስ፣ ብርሃን በማይደርስበት ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፤ በጥር ስከፍተውም እንደ ጥቅምቱ ይሸታል።

ከእሳቸው የተማርኩት ሌላም ነገር አለ፣ እሱንም ከሁሉ አስበልጬ የምይዘው ነው። ጦስኝ መሬት ላይ ተነጥፎ የሚበቅል የደጋ ተክል ስለሆነ ለሚቸኩል ሰው ከነሥሩ መንቀል ይቀለዋል፤ ገበያ ላይም ሥሩ ላይ አፈር እንደያዘ የሚሸጥ አለ። እሳቸው ግን ከላይ ከላዩን በማጭድ ያጭዱታል፣ «ሥሩን የነቀለ የከርሞውን ነው የበላው» ይላሉ። ስለዚህ ስንገዛ ሥር የሌለውን ብንመርጥ መልካም ነው፤ ገዢው ካልፈለገው ነቃዩም መንቀሉን ይተዋልና።

ጤና አዳምን በተመለከተ ጠንቀቅ ብዬ መጻፍ እፈልጋለሁ። በቡና ላይ አንዲት ዘለላ ጣል ማድረግ የኖረ ልማዳችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። እንደ ሻይ በብዛት አፍልቶ መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማሕፀንን የሚያኮማትር ባሕርይ ስላለው ነፍሰ ጡር ሴት ልትርቀው ይገባል። ቅጠሉን በእርጥቡ ሲቆርጡ የሚወጣው ፈሳሽም ቆዳ ላይ ቆይቶ ፀሐይ ከመታው ያቆስላል፤ በመስከረም ስቆርጠው ውዬ ሳልታጠብ ፀሐይ ላይ በመቀመጤ ክንዴ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቶብኝ አሥር ቀን ያህል አስቸግሮኛል። ዳማከሴን ደግሞ ከሻይ መዝገቤ አውጥቼዋለሁ፤ እሱ ለምች በመዳፍ ታሽቶ የሚወሰድ የእናቶች መድኃኒት ነው፣ ለጣዕም የሚጠጣ አይደለም። ባሕር ዛፍም እንፋሎቱ ይታጠናል እንጂ ቅጠሉ አይጠጣም።

የእናቴ ጉንፋን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለቀቃት፤ ሻዩ አዳናት አልልም፣ ጉሮሮዋን እንዳለሰለሰላትና ውሃ እንድትጠጣ እንደረዳት ግን አይቻለሁ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው በጦስኝ ማባበል ተገቢ አይደለም፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። እዚያ በሄደችበት ጊዜ ደም ማነስ እንዳለባት ስለተነገራት ሌላም ነገር ተማርን፦ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በምግቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ አሁን ምሳ ከበላች በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ታግሣ ነው የምትጠጣው። ለዚያች አንድ ሰዓት የምሰጣት ሻይ ቅጠል የሌለበትን፣ በእርጥብ ዝንጅብል ብቻ የፈላውን ነው። ማር የምጨምረው ብርጭቆው በእጅ ሲያዝ የማያቃጥልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ነው፤ ገና ሲንተከተክ ከገባ የማሩ ሽታ እንደ ጦስኙ ሽታ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ገና ስምንት ወሩ ስለሆነ ለእሱ ማር በጣት ጫፍ እንኳ አይቀመስለትም፤ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይሰጠውም።

ያልተሳካልኝ ጠጅ ሳር ነው። በነሐሴ አንድ ጉቶ አግኝቼ በአሮጌ ቆርቆሮ ተከልኩት፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ አምሮበት ቅጠሉን ሁለት ጊዜ ቆርጬ ዘፍዝፌበታለሁ። ሽታው ከሎሚ ልጣጭ የሚቀርብ፣ ስኳር የማያስፈልገው መጠጥ ነው። ኅዳር ላይ በአንድ ሌሊት ውርጭ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ እንደተለበለበ ነደደ። የቆላና የወይና ደጋ ተክል መሆኑን ማስተዋል ነበረብኝ። ሥሩ ገና በሕይወት ስላለ ቆርቆሮውን በጆንያ ጠቅልዬ ከሾፌሩ ጎን አስቀምጬ ኮምቦልቻ ለእህቴ ላክሁላት። ትናንት ስትደውልልኝ ሦስት አዲስ ቡቃያ ማውጣቱን ነግራኛለች፤ የመጀመሪያውን ቅጠል በ94 ዲግሪ ውሃ ዘፍዝፋ ጣዕሙን እንድትጽፍልኝ ደብተር ልኬላታለሁ።