ቆርኪና የተቆረጠ ጀሪካን

ዛሬ የእህቴን ልጅ ልወስድ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወዳለ መዋዕለ ሕፃናት ሄድኩ። የደሴ ዝናብ ድንገት ወረደና ልጆቹ እየሮጡ ክፍል ገቡ። በቃ፣ እጃችሁን አጣጥፋችሁ ተቀመጡ ሊባሉ ነው ስል መምህርቷ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋች። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ ተሰምሯል። ጥግ ላይ የእቃ እቃ ቦታ አለ፦ የተቆረጠ ጀሪካን፣ ባዶ ሃይላንድ፣ ቆርኪ።

አንዲት ሚጢጢ ልጅ ቆርኪ ሃይላንድ ውስጥ ልትከት ትታገላለች። አፉ ጠቧታል። አገላበጠችው፣ ገፋችው፣ እምቢ አለ። ሃይላንዱን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ዞር አለችና ቆርኪውን ጀሪካኑ ውስጥ ጣለችው። ኳ! በሳቅ ፈነዳች። መምህርቷ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ታያለች እንጂ "እንዲህ አድርጊ" አላለቻትም። እኔ ይሄን ትልቅ ሙያ ነው የምለው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። ከዚህ ውስጥ 60 ደቂቃው ደህና አድርጎ የሚያስሮጥና የሚያዘልል መሆን አለበት። የኪራይ ቤታችን ጠባብ፣ በራችን ላይ ባጃጅ። የት ይሩጡ? ስልክ እንሰጣቸዋለን። ሲመለሱም "ፊደል ቆጠርክ?" እንጂ "ምን ተጫወትክ?" አንልም።

መምህርቷ ግቢው ውስጥ ጎማ በግማሽ ቀብራ መወጣጫ ልትሰራ አስባለች። የአሸዋ መጫወቻውም በእቅድ ላይ ነው፤ አሸዋው ተገኝቷል። የደሴና የኮምቦልቻ ጋራዦች፣ ሽቦው ያልወጣ አሮጌ ጎማ ካላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። መጥቼ እወስዳለሁ።