የኤደን ልጅነቴን እንዴት ጻፍኩት

ያደግኩት ያኔ እንግሊዞች ይገዟት በነበረችው የየመን የወደብ ከተማ፣ ኤደን ነው። አባቴ ከኢትዮጵያ ቆዳና ቡና በሚያስመጣ አንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ ስለነበር፣ ክሬተር በሚባለው፣ በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ በተቆረቆረው ሰፈር እስከ 1967 ድረስ ኖረናል (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የልጅ ልጆቼ «ዓረብ አገር ምን ትሠሩ ነበር?» እያሉ ሲወተውቱኝ ልጽፈው ተነሣሁ።

ናፍቆት ብዕር ሲይዝ ቅጽል ያበዛል። «ውቧ»፣ «ሰላማዊቷ»፣ «ያቺ ደግ ከተማ» እያለ ገጽ ይሞላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃ ዕቃውን ብቻ ጻፍኩ። ለሙቀቱ ጣሪያ ላይ የምናወጣውን የገመድ አልጋ፣ ሄል የገባበትን የወተት ሻይ፣ ጨው ማምረቻው ዘንድ የሚዞሩትን የነፋስ ወፍጮዎች፣ ከኬንያ ጋር አንድ የነበረውን ሽልንግ። መንገደኛ የጫኑ መርከቦች ነዳጅ ሊሞሉ ተዋሂ በሚባለው የወደቡ ሰፈር ሲቆሙ፣ ተሳፋሪው ወርዶ ቀረጥ የሌለበትን ራዲዮና ካሜራ ይሻማ ነበር። ዕቃው ከተሰበሰበ በኋላ ስሜቱ ሳይጠራ ራሱ መጣ።

ዓመት ማስያዝ ግን አስቸገረኝ። ያዳነኝ የጫት አውሮፕላን ነው። በየዕለቱ ከድሬዳዋ ትኩስ ጫት ጭኖ ይመጣል፤ ጭነቱ ገበያ እስኪደርስ ድረስ የሰፈራችን ወንድ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። የእናቴ በርበሬም በዚያው አውሮፕላን በሰው እጅ ይላክላት ነበር። እንግሊዞች በ1957 ጫት ከለከሉና አውሮፕላኑ ቀረ፤ ጫት በማይቀመስበት በእኛ ቤትም ወጡ ሁሉ አልጫ ሆነ። ክልከላው በዓመቱ ሲነሣ ድስታችን ቀላ። ቤተሰቡ ዛሬም «የአልጫው ዘመን» ይለዋል፤ እኔም ከእርሱ በፊትና በኋላ እያልኩ ሌላውን ትዝታ ሁሉ ደረደርኩበት። የራሱን የቤተሰብ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህን እመክራለሁ፤ ከቀን መቁጠሪያው በፊት የድስቱን ታሪክ ይጠይቅ።

ቀጥሎ ታላቅ እኅቴንና አንድ በዕድሜ የሚቀራረበንን የክሬተር ተወላጅ የመናዊ አነጋገርኩ። ሰውየው አዲስ አበባ ነው የሚኖረው፤ ከመርካቶ ነጋዴዎች ጋር ሲከራከር አማርኛው ከእኔ ይሻላል። ከክሬተር ወደ ጎረቤቱ ሰፈር ወደ ማዕላ የሚያወጣው፣ ተራራው ተሰንጥቆ የተከፈተው በር በእኔ ትዝታ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚገባበት ቦታ ነው። እርሱ ሲያስታውሰው ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፣ እጁን ሰቅሎ የተፈተሸበት ነው። በታኅሣሥ 1963 የአስቸኳይ ጊዜ ከታወጀ በኋላ ፍተሻው ሲበረታ፣ እኛ አባታችን ባሠራልን ወረቀት እናልፍ ነበር። «እናንተኮ እንግዳ ነበራችሁ» አለኝ እየሳቀ፣ «ቤቱን የቀሙት እኛን ነው»።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌላውንም አጤንኩ። የሻርክ መከላከያ መረብ የተዘረጋበት የባሕር ዳርቻ ክለብ ለፈረንጆቹ ነበር፤ እኔም እርሱም ከውጭ ነው ያየነው። ነገር ግን እኔ ስበሳጭ የምመለስበት፣ ግድግዳው ላይ የራሴን ንጉሥ ፎቶግራፍ የማይበት ቤት ነበረኝ። ከ1839 ጀምሮ በባዕድ እጅ በነበረች ከተማ፣ የእኛ ኩራት በነጻ የመጣ ነበር። ያም ሆኖ ናፍቆቴን አልሰረዝኩትም። ሻይው ዛሬም ጣፋጭ ነው፤ እርሱም ይህንኑ ይላል።

ፍጻሜው በአጭሩ ይኸው ነው። በሰኔ 1967 የስዊዝ ቦይ ተዘጋ፣ ወደቡ ጭር አለ፣ በክሬተር ተኩስ ተከፈተ፤ የአባቴም ሥራ ቆመና ወጣን። በኅዳር መጨረሻ እንግሊዞችም ወጡ።

ደብተሩን የከፈልኩት በግራና በቀኝ ነው፤ ግራው የእኔ፣ ቀኙ የየመናዊው ወዳጄ። እኅቴ አልወደደችውም። «ደስታችንን ለምን በፍተሻ ታበላሸዋለህ?» አለችኝ።

«እትዬ፣ ፍተሻው እኮ ከቤታችን ትንሽ ራቅ ብሎ ነው የነበረው» አልኳት።

«እንግዲያው የዳቦ ቤቱን ቦታ አስተካክል፤ በስተቀኝ ነው» ብላ የራሷን ካርታ ሥላ ሰጠችኝ። ከእኔው ጋር አይገጥምም፤ ሁለቱንም ለጥፌአቸዋለሁ።