«ፋይሉ ተቆልፏል» ሲላችሁ ወደ ዳታቤዙ አትሩጡ

ኔክስትክላውድ (በራሳችሁ ሰርቨር ላይ ፋይል የምታስቀምጡበትና የምታጋሩበት ሶፍትዌር) «ፋይሉ ተቆልፏል» ብሎ እምቢ ሲል ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው። ሜይንተናንስ ሞድ (ለጥገና ሲባል ተጠቃሚን ለጊዜው የሚያግድ) አብሩ፣ ዳታቤዝ ግቡ፣ የሎክ (የፋይል ቁልፍ) ሰንጠረዡን ባዶ አድርጉ፣ ሞዱን መልሳችሁ አጥፉ። ይህን ከማድረጋችሁ በፊት እባካችሁ ይቺን አንብቡ። ለእኔ ማንም አልነገረኝም፤ የነገረኝ ቢኖር ብዙ እንቅልፍ ይተርፈኝ ነበር።

የማስተዳድረው ሰርቨር ባልደረቦቼ ሰነድ አብረው የሚያርሙበትና ትልልቅ ፋይል የሚጭኑበት ነው። አጫጫኑ ላይ ጊዜያችሁን አልፈጅም። ሬዲስን (መረጃን ሚሞሪ ውስጥ የሚይዝ ፈጣን ማከማቻ) መጫን፣ የፒኤችፒውን (ኔክስትክላውድ የተጻፈበት ቋንቋ) የሬዲስ ሞጁል ማከል፣ ኮንፊጉ ላይ ሎኩን ወደ ሬዲስ ማዞር፣ የዌብ ሰርቨሩን ተጠቃሚ ሬዲስ ግሩፕ ውስጥ ማስገባት፣ ከዚያ ፒኤችፒን ሪስታርት ማድረግ። በቃ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ግን አንድ ነገር ልበል። ሎክ የሚያስፈልገው ሁለት ሰው አንድ ፋይል ላይ በአንድ ጊዜ ጽፎ እንዳያበላሸው ነው። ሬዲስ ካልተዋቀረ ኔክስትክላውድ ሎኮቹን ዳታቤዙ ውስጥ ያስቀምጣል። ሬዲስ ከተዋቀረ ግን ሎኮቹ ያሉት ሬዲስ ሚሞሪ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮንፊግ ፋይላችሁ ላይ «ሜምካሽ ሎኪንግ» የሚለው መስመር ሬዲስን የሚጠራ ከሆነ፣ የዳታቤዙን ሰንጠረዥ መቶ ጊዜ ብታጸዱት ምንም አይፈይድም። እዚያ የሚጸዳ ነገር የለም።

ችግሩ የጀመረው ጠዋት ጠዋት ነው። ሰው ቢሮ ገብቶ ትናንት የተወውን ሰነድ ሊያስቀምጥ ሲል 423 ይመጣበታል። 423 የዌብዳቭ (ፋይል በዌብ የሚነበብበትና የሚጻፍበት ደንብ) የስህተት ኮድ ነው፤ «ተቆልፏል» ማለት ነው። ሌላው ደግሞ በዚያው ሰዓት 500 ያገኛል፤ ይህ «ሰርቨሩ ውስጥ ችግር አለ» ከማለት ያለፈ ምንም አይነግራችሁም። ረፋድ ላይ ሁሉም ነገር በራሱ ይስተካከላል። በማግስቱ እንደገና።

ሰርቨሩን ለተከራየንበት ድርጅት የድጋፍ ክፍል ጻፍኩ። መልሱ ሰንጠረዡን አጽዱ የሚል ነበር። ሎኮቹ ሬዲስ ውስጥ ናቸው ብዬ ኮንፊጉን ልኬ አስረዳሁ። ያው መልስ፣ በሌላ ሰው ስም፣ ተመልሶ መጣ። ቀጥሎ ራም ጨምሩ ተባልን። ራሙ ግን ግማሹ እንኳን አልተነካም ነበር። አየነው ሲሉም የሚያዩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። እስካሁን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ችግሩ የሚታየው ጠዋት ነው ብላችሁ እየጻፋችሁላቸው ከሰዓት ገብተው «ምንም አላገኘንም» ይሏችኋል።

መልሱ የነበረው ሎግ (ሶፍትዌሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ነው። የኔክስትክላውድን ሎግ ከፈትኩ። 500 በወጣበት ሰዓት «ሬዲስ ኤክሴፕሽን» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ በትልልቅ ፊደል «ሚስኮንፍ»። ከዚያ የሬዲስን የራሱን ሎግ ከፍቼ እዚያው ሰዓት ላይ ሄድኩ። ጊዜያዊ ፋይሉን ልጽፍ ብዬ ዲስኩ ላይ ቦታ የለም ይላል። ከስር ያው። ከስር ያው። ከዚያ ረፋዱ ላይ «ዲስክ ላይ ተቀምጧል» የሚል አንድ መስመር፣ ከዚያ በኋላ ጸጥ።

ቦታውን የሚበላው የሌሊቱ ባክአፕ ነበር። ድርጅቱ ያዘጋጀልን ስክሪፕት ሁሉንም ፋይል ጨምቆ መጀመሪያ እዚያው ዲስክ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው ከጨረሰ በኋላ ነው። ፋይላችን እየበዛ ሲሄድ ሥራው እስከ ጠዋት መጎተት ጀመረ፣ ዲስኩም በየሌሊቱ ጢም ይል ጀመር።

አሁን ዋናው ነገር። ሬዲስ በየጊዜው ሚሞሪው ውስጥ ያለውን ዲስክ ላይ ይገለብጣል። ግልበጣው ካልተሳካ፣ እንደመጣ ከተዋችሁት፣ ማንኛውንም ጽሑፍ አልቀበልም ይላል፤ ሎጉ ላይ ያየሁት «ሚስኮንፍ» ይህ ነው። ሎክ ማስቀመጥ መጻፍ ነው። ሎክ ማንሳትም መጻፍ ነው። ዲስኩ ከመሙላቱ በፊት ፋይል መጫን የጀመረ ሰው ሎኩን ይዟል፤ ሲጨርስ ሎኩ ይነሳ ሲባል ሬዲስ እምቢ ይላል። ፋይሉ የማንም ሳይሆን ተቆልፎ ይቀራል፣ 423 የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ የመጣው ሰው ደግሞ ሎክ ማስያዝ ራሱ አይችልም፣ 500 ያገኛል። ሁለቱ ምልክቶች የአንድ በሽታ ናቸው። ዲስኩ ሲለቀቅ ሬዲስ በራሱ ይድናል፤ የቀሩት ሎኮች ደግሞ በነባሪው 3600 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሰዓት፣ ሲሞላቸው ይረግፋሉ። ረፋድ ላይ የሚስተካከለው ለዚህ ነው።

መፍትሔው አጭር ነው። ባክአፑን ወደ ሌላ ዲስክ አዞርኩት። ሬዲስ ላይ ደግሞ ግልበጣውን ጨርሶ አጠፋሁት፤ «ሴቭ» የሚለውን ባዶ ዋጋ መስጠት ነው። ግልበጣውን ተዉት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሬዲሱ ለካሽ (ለፍጥነት ለጊዜው ለሚያዝ ቅጂ) እና ለሎክ ብቻ ከሆነ ከሪስታርት በኋላ የሚያስፈልጋችሁ ነገር የለውም። የትናንት ሎክ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ምን ሊረባ?

ግልበጣው ሲከሽፍም መጻፍ ቀጥል የሚለውን አማራጭ አብሩ የሚሏችሁን ግን አትስሙ። ስህተቱ ይጠፋል፣ የሞላው ዲስክ ግን እንደሞላ ነው። ቀጥሎ የሚወድቀው ዳታቤዙ ይሆናል። ሎክ ጨርሶ ይጥፋ የሚለውም ምክር አደገኛ ነው፤ አብሮ የሚጻፍ ሰነድ ባለበት ሰርቨር ላይ የሰው ሥራ ትበላላችሁ። ያንን 3600 ወደ ታች ማውረድም ያው ነው። በደካማ ኔትወርክ የሚጫን ትልቅ ፋይል መሃል መንገድ ላይ ሎኩ ሊያልቅበት ይችላል።

ሬዲሱን ጠቅላላ ባዶ ማድረግ ካለባችሁ መጀመሪያ ሜይንተናንስ ሞድ አብሩ፤ የፒኤችፒ ሴሽኖችም (ማን እንደገባ የሚያስታውሱት መረጃዎች) እዚያው ካሉ ሁሉም ሰው ከአካውንቱ እንደሚወጣ ቀድማችሁ ንገሩ። ሚሞሪ ሲሞላ የቆየውን ጣል የሚል ፖሊሲም ሎክ ባለበት ሬዲስ ላይ አታስቀምጡ፤ በሥራ ላይ ያለ ሎክ ሊጥልባችሁ ይችላል።

የድጋፍ ክፍሉ ቲኬት «ሰንጠረዡን በማጽዳት ተፈትቷል» ተብሎ ተዘግቷል። እውነተኛውን ምክንያት ከሎጉ ጋር አያይዤ እንዲያስተካክሉት ልኬላቸዋለሁ፤ ያንን የባክአፕ ስክሪፕት የሚጠቀም ሌላ ደንበኛ ሊኖር ይችላልና። እስካሁን መልስ የለም።