አንድ ድምፅ መስሎኝ ሦስት ነበር

ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና የሚነዳ ሰው የመኪናውን ሕመም መደበቅ አይችልም። በሐረር በር ገብታችሁ ወደ ፈረስ መጋላ ስትነዱ ግራና ቀኙ ግንብ ነው፤ ሜዳ ላይ ተበትኖ የሚቀረው ድምፅ ሁሉ እዚያ ተመልሶ ጆሮ ውስጥ ይገባል። የአሮጌው ላንድክሩዘር ፒክአፔን ሕመም መጀመሪያ የሰማሁትም እዚያው ነው። ከባቢሌ ኦቾሎኒ ጭኜ መጥቼ፣ ፈረስ መጋላ ላይ መሪውን እስከ ጫፉ ወደ ግራ ጠምዝዤ ስዞር ከፊት በኩል ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። መሪው ሲቃና ዝም። ረዳቴ «ጠጠር ነው» አለኝ። በፍሬኑ ዲስክና ከጀርባው ባለው ቆርቆሮ መካከል የገባ ጠጠር ግን ይፋጫል፤ ይህኛው ይቆጥር ነበር።

ድሬዳዋ ወርጄ አንድ ጋራዥ አስገባሁት። መካኒኩ የቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አንስቶ ሁለት ጊዜ አሽከረከረና «ኩሽኔታ ነው» ብሎ ፈረደ፤ ጎማው እየተሽከረከረ የሚያርፍበትን የብረት ቀለበት ማለቱ ነው። ተቀየረ፤ ከፈልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ድምፅ አልነበረም። የደንገጎን ዳገት ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ ጸጥ ያለ ነው። ሰው ባገኘሁ ቁጥር የመካኒኩን እጅ አወድስ ነበር። በሳምንቱ ባቢሌ ተመልሼ አሸዋማው ማሳ ውስጥ ኃይሉ ለአራቱም ጎማ እንዲደርስ ማርሹን አስገብቼ ስዞር ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፤ ያውም ከበፊቱ ብሶበት።

እዚያው ማሳ ዳር ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። በዚያ ሳምንት ምን ተለወጠ? መልሱ የመጣልኝ እጄን ሳይ ነው፤ ከደቂቃዎች በፊት የፊት ጎማዎቹ እምብርት ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ሳዞር አቧራ ነክቶት ነበር። መካኒኩ ጎማውን በእጁ ለማሽከርከር ሁለቱንም ከፍቷቸው ኖሯል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ወርዶ ማዞሩ እየሰለቸኝ ለወራት «ሎክ» ላይ ትቻቸው ነበር። መቆለፊያው «ፍሪ» ሲሆንና የፊቱ ማርሽ ሳይገባ ጎማው ብቻውን ይዞራል፤ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ ማለትም ሴሚያሱ፣ ጫፉ ላይ ያለው፣ መሪ ሲጠመዘዝ አብሮ የሚታጠፈው መጋጠሚያ ማለትም ጆይንቱ፣ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለው የፊቱ ዲፈረንሻልም ይተኛሉ። ኩሽኔታ ግን እንቅልፍ የለውም፤ ጎማው እስከዞረ ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ድምፁን ያጠፋው በገንዘቤ የተቀየረው ኩሽኔታ አልነበረም።

ወዲያው ሞከርኩት። እዚያው ሜዳ ላይ በ«ሎክ» አንድ ዙር፣ በ«ፍሪ» ያንኑ ዙር፣ እንደገና በ«ሎክ»። ድምፁ ከመቆለፊያው ጋር መጣ፣ ከመቆለፊያው ጋር ሄደ። ነዳጅ ስረግጥ ይበረታል፤ ፍጥነት ስጨምር ቆጠራው ይፈጥናል። ወደኋላ ስዞር ግን ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ይህን የመጨረሻውን ነገር ትርጉሙ ሳይገባኝ በልቤ ያዝኩት።

የትኛው ጎን እንደሆነ ለማወቅ ረዳቴን አስወረድኩትና በከባዱ ማርሽ በእግር ፍጥነት ስዞር መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ አጠገቤ እንዲሄድ አደረግኩ። እኔ ከወንበሬ ሆኜ በቀኝ በኩል ነው ብዬ እምል ነበር። እሱ «በግራ ነው አቦ!» እያለ ይጮሃል። የፊቱ አክስል ከጎማ እስከ ጎማ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ ድምፁን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ስልክ ሽቦ ያደርሰዋል። የወንበር ጆሮ አይታመንም።

በዚህ መሃል ነው ሁሉንም «የፊት ድምፅ» እያልኩ በአንድ ስም ስጠራቸው የኖርኩ ሦስት ነገሮች መሆናቸው የገባኝ። አንደኛው ይህ የሚቆጥረው ነው። ሁለተኛው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤቴ በር ላይ ቆሜ መሪ ስጠመዝዝ አንድ ጊዜ ብቻ «ዱቅ» የሚለው ነው። ጎማ ሳይዞር የሚሰማ ድምፅ ከሴሚያስም ከኩሽኔታም አይመጣም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጎዳናው ባጃጅ ሳይሞላው፣ ጎማዎቹ መሬት እንደያዙ ረዳቴ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ ትንሽ ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ እኔ ከሥር ተኝቼ የመሪውን ዘንጎች መጋጠሚያ አንድ በአንድ በመዳፌ ጨበጥኩ። ጎማው አጠገብ ያለው የቀኙ መጋጠሚያ፣ ቴስቲኒው፣ ላይ ስደርስ ድምፁን በጣቴ ሰማሁት። ሌላ ምርመራ አላስፈለገም።

ሦስተኛው ጭራሽ ብልሽት አልነበረም። ከአሸዋው ወጥቼ አራቱም ጎማ እንደገባ አስፋልት ላይ ስታጠፍ መሪው ይከብድና መኪናው ይንዘረዘራል፣ ከሥር ይንገጫገጫል። ይህ መኪና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ኃይል በሚወስዱት ረጃጅም ዘንጎች፣ በካርዳኖቹ፣ መካከል ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለውም፤ ሁለቱ እኩል ይዞራሉ። መታጠፊያ ላይ ደግሞ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይሄዳሉ። አሸዋ ላይ ጎማው ሸርተት ብሎ ልዩነቱን ያወራርዳል፤ ደረቅ አስፋልት ግን አያንሸራትትም፣ ስለዚህ ኃይሉ ብረቱ ውስጥ ይጠራቀማል። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ማርሹን መመለስ ረስቼ እስከ ሐረር በዚያው የነዳሁባቸው ቀናት አሉ። ለጆይንቱም ደግ አልሠራሁለትም።

ግራውን ያስከፈትኩት ሐረር፣ ዕድሜውን በፔጆ ታክሲ ሥር ያሳለፈ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ነው። ከመክፈቱ በፊት ጎማውን በክሪክ አንስቶ ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ትንሽ ይላወሳል። ረዳቴን «ፍሬን ርገጥ» አለና እንደገና ነቀነቀ፤ አሁንም ይላወሳል። «የጎማው ኩሽኔታ ቢሆን ፍሬኑ ይይዘው ነበር። ይሄ መታጠፊያው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ናቸው» አለኝ። ድሬዳዋ ላይ ይህን ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሙከራ ያደረገልኝ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ሲከፈት እንደ ቅቤ መወፈር የነበረበት ግራሶ እንደ ጥቁር ሾርባ ፈሰሰ። ሽማግሌው በሁለት ጣቱ አሽቶ አሸተተውና «ልጄ፣ ይሄ ግራሶ ነው ወይስ ዘይት?» አለኝ። ከውስጥ በኩል ዘይት የሚከለክለው የጎማ ቀለበት ተበልቶ፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት ገብቶ ግራሶውን አጥቦታል። ከመኪናው ጎማ ኋላ ያለው ክብ ብረት ወዝቶ አቧራ ሲለጠፍበት ለወራት አይቻለሁ፤ በጨርቅ ጠርጌ አልፌዋለሁ። ጆይንቱን አጥቦ ወደ ብርሃን ሲያዞረው ስድስቱ ኳሶች የሚሄዱባቸው ቦዮች በአንድ ጎናቸው ብቻ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ አውጥተዋል፤ ሌላው ጎናቸው እንደ መስታወት ነው። ወደኋላ ስነዳ ለምን ዝም እንደሚል ያኔ ገባኝ፤ ጭነቱ የሚያርፈው በደህናው ጎን ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አዲስ ልፈልግ?» አልኩት። ፈልግ አለ፤ እስኪገኝ ግን የግራውን ጆይንት ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወራቸው። ጎን ሲቀያየሩ ወደፊት ሲነዳ ጭነቱ የሚያርፈው ባልተበላው የቦዩ ፊት ላይ ነው። ዘይት ከልካዩን የጎማ ቀለበትና መታጠፊያው ላይ ያሉትን ኩሽኔታዎች በሁለቱም በኩል አደሰ፣ ቴስቲኒውን ቀየረ፣ ሞሊብዲነም ያለበት ግራሶ እስከ ሦስት አራተኛው ሞላ። አፉ ድረስ አይሞላም፤ ሲሞቅ መሄጃ ይፈልጋል።

በማግስቱ በከባዱ ጭነት ፈረስ መጋላ ላይ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዤ ዞርኩ። መቆለፊያዎቹን «ሎክ» ላይ ያደረግኳቸው ሆን ብዬ ነው። ረዳቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ጆሮውን ወደ ግንቡ አዘነበለ፣ ሁለተኛ ዙር እንድዞርም በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ምንም የለም። አዲሱ ጆይንት እስካሁን አልተገኘም። ያለ ጥፋቱ የወጣው የቀኝ ኩሽኔታ ግን ታጥቦ፣ ግራሶ ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከወንበሬ ኋላ ተቀምጧል።