ማሽኑ እየዞረ የሚጸዳው ለምንድን ነው?

ክረምት ሲገባ የድንጋይ መፍጫ ጠባይ ይለወጣል። በበጋ አቧራ ሆኖ ሲቦንን የከረመው፣ ዜሮ ዜሮ የሚባለው የድንጋይ ድቃቂ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከሁሉም በላይ የሚከማቸው ጠጠር ተሸካሚው ቀበቶ ዞሮ በሚመለስበት በታችኛው ከበሮ ላይ ነው። ከበሮው ጭቃ ከለበሰ ቀበቶው ወደ ጎን ይሸሻል፤ ጠርዙም ይቀደዳል። ስለዚህ አንድ የቀን ሠራተኛ ብረት ይዞ ሥሩ ይንበረከክና ይፍቃል። ከበሮው እየዞረ ከሆነ ጭቃው ራሱ ወደ ብረቱ ይመጣል፤ ከቆመ ግን እጅ የሚደርሰው ፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ድፍረት ነው የሚለው ነገር መነሻው ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መፍጫ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ሳገለግል የተጎዳው ወጣትም እንዲሁ ሲፍቅ ነበር። ቀበቶውና ከበሮው ብረቱን ነከሱት፤ ጓንቱ ብረቱን ተከተለ፤ ክንዱም ጓንቱን። ጓንቱ ለደኅንነት ተብሎ የተሰጠው ነው፤ በሚዞር ነገር አጠገብ ግን ጓንት ራሱ ወጥመድ ይሆናል። «እጁን ቶሎ ቢስብ ኖሮ» ያሉ አልጠፉም። ቀበቶው በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል ቢሮጥና ሰው ደንግጦ እጁን ለመሳብ ግማሽ ሰከንድ ቢወስድበት፣ ቀበቶው 75 ሴንቲ ሜትር ሄዷል። ይህ ከጣት ጫፍ እስከ ትከሻ ያለው ርዝመት ነው።

ጩኸቱን የሰማው የሎደር ሹፌሩ ነው፤ ኦፕሬተሩ ካለበት ክፍል ያ ጥግ አይታይም። ጄኔሬተሩን አጠፋሁ። «ሞተሩን ወደ ኋላ አዙረው!» የሚል ትእዛዝ ከየአቅጣጫው መጣ፤ እንዲያ ቢደረግ የተሰበረው ክንድ ዳግመኛ ይፈጭ ነበር። የቀበቶውን መወጠሪያ ብሎኖች በሁለቱም ጎን አላልተን አወጣነው። ሐኪሞች ክንዱን አተረፉለት፤ ሁለት ጣቶቹ ግን ዛሬም አይታጠፉም።

በማግስቱ ፎርማኑ ሪፖርቱን ይዞ መጣ። «በምስክርነት ፈርምልኝ ወንድሜ» አለኝ። አነበብኩት፤ «የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ በመጣስ» ይላል። ይህች ሐረግ ቀላል አይደለችም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ሠራተኛው በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ጉዳቱን ሆን ብሎ እንዳደረሰ ይቆጠርና ካሳው ይቀራል።

«መመሪያው የታለ?» አልኩት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የለም፤ ለሠራተኛ የተነበበም የለም። ያን የመፋቂያ ብረት በልኩ አስቆርጦ ለወጣቱ የሰጠው ደግሞ ራሱ ፎርማኑ ነው። አልፈረምኩም። ለጥቂት ሳምንታት ሰላምታችን ቀዘቀዘ፤ በመጨረሻ ግን ሪፖርቱ ያለዚያች ሐረግ ተላከ፤ ካሳውም ተከፈለ።

ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚጠየቀው በምርት ነው። ቀበቶው ከቆመ ከበላዩ ያለው መፍጫም መቆም አለበት። መፍጫው ድንጋይ እንደጎረሰ ከቆመ ደግሞ በቀላሉ አይነሳም፤ ድንጋዩ በእጅ እየተለቀመ መውጣት ይኖርበታል። ይህን የሚያውቅ ሰው «አቁሙልኝ» ለማለት አፉን አይደፍርም፣ ያውም የቀን ሠራተኛ። መላው ያን ያህል የረቀቀ አልነበረም፦ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ መጀመሪያ ድንጋይ መጋቢውን ማቆም፣ መፍጫው የጎረሰውን እስኪጨርስ መጠበቅ፣ ከዚያ ቀበቶውን ባዶ አድርጎ ማጥፋት። ይህ ሲለመድ ምርቱም አልተጎዳም። ከበሮው ዙሪያውን በወንፊት ብረት ታጠረ።

ማቆሚያውን ቁልፍ መጫን ብቻውን አያስተማምንም፤ ሌላ ሰው መጥቶ ማስነሻውን ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሳጥኑ ዋና ማጥፊያ ላይ ጓጉንቸር እንዲንጠለጠል አደረግን፤ መክፈቻው የሚያጸዳው ሰው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ፎርማኑ ከጓጉንቸሩ ጋር የመጣውን ትርፍ መክፈቻ ለራሱ ጠየቀኝ።

«ልጁ መክፈቻውን እንደያዘ ምሳ ቢሄድብኝስ?»

«ትፈልገዋለሃ!» አልኩትና ሁለቱንም መክፈቻዎች ለሚያጸዳው ሠራተኛ ሰጠሁት።