ታማሌ፣ በሺያ ወቅት

ከጋና ዋና ከተማ ከአክራ እስከ ሰሜኗ ታማሌ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአውቶቡሱ ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠን አደረ፤ ስለ መንገዱ ሌላ የምለው የለኝም። ታማሌ ላይ የባለሦስት እግሯ ሾፌር እጥፍ ሒሳብ ተቀበለኝ። አብራኝ የተሳፈረች ሴት ናት በአካባቢው ቋንቋ በዳግባንኛ ተቆጥታ ግማሹን ያስመለሰችልኝ።

ሺያ ከፍሬው ቅቤ የሚወጣ ዛፍ ነው፤ ወቅቱ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው። ዛፉን የሚተክለው የለም ማለት ይቻላል፤ ገበሬው ማሳ ሲመነጥር ሳይቆርጥ ይተወዋል። ፍሬ ለመስጠት ከ15 እስከ 20 ዓመት ስለሚፈጅ ለከሰል የተቆረጠን ቶሎ የሚተካ ነገር የለም። ፍሬው አይሸመጠጥም፣ በስሎ የወደቀው ነው የሚለቀመው። ሴቶቹ ሳይነጋ ይወጣሉ፤ ሣሩ ውስጥ እባብና ጊንጥ ስላለ ባትሪ የያዘችው ትቀድማለች። የፍሬው ጣፋጭ ልባስ ይበላል፤ የአምናው እህል በተሟጠጠበት ሰሞን ስለሚደርስ ለልጆች ቁርስ ነው።

የቅቤው ዕጣ የሚወሰነው ከዚህ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። ቅቤው የሚወጣው ከውስጠኛው ፍሬ ነው፤ እሱ ቶሎ ካልተቀቀለ ይበቅላል ወይም ይሻግታል፤ ያኔ ስቡ መፈራረስ ይጀምርና ቅቤው ይኮመጥጣል። ከተቀቀለ በኋላ ቅርፊቱ ውስጥ እስኪንኳኳ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይፈለፈላል፣ እንደገና ይደርቃል። በምድጃ ጭስ ያደረቁት ጠቆር ያለና ሽታው የሚከብድ ቅቤ ይወጣዋል።

ቅቤ ለማውጣት የደረቀው ተከክቶ ይታመሳል። እሳቱ ከበዛ ያራል፣ ያረረው ሽታ ደግሞ በኋላ በምንም አይለቅም። ከወፍጮ ቤት ጥቁር ቡናማ ሊጥ ሆኖ ይመለሳል። ሴቶቹ ሳፋው ላይ አጎንብሰው ውሃ እየጨመሩ በክንዳቸው ይመቱታል። ውሃው ከቀዘቀዘ ስቡ ይጓጉላል፣ ከሞቀ አልለይ ይላል፤ ስለዚህ አንዷ ትኩስና ቀዝቃዛ ይዛ አጠገባቸው ትቆማለች። ልኩን የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው። ድንገት ሊጡ ይነጣና አረፋው ወደ ላይ ይወጣል። አረፋው ተገፍፎ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ከዚያ ውሃው ተንኖ አተላው እስኪዘቅጥ ይነጠራል። ሲበርድ ካልተማሰለ አሸዋ አሸዋ ይላል። በእጅ ሲሠራ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ደረቅ ፍሬ አንድ ኪሎ ቅቤ ነው የሚሰጠው። ማገዶውና ከሩቅ የሚቀዳው ውሃ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው።

እኛ አገር ለአናት ለጋ ቅቤ፣ ለወጥ ደግሞ የተነጠረ ነው፤ እዚህ ሁለቱም ከአንድ ዕቃ ይጨለፋል። ለመብል የሚፈለገው ነጣ ያለ፣ ትኩስና ሽታው የማይጎላ ነው። ገበያው ላይ በሥር ቀለም ቢጫ የተደረገም አለ፤ ቢጫውን የሚመርጥ ደንበኛ ብዙ ነው። ባሕር ማዶ ግን ጣዕም አይጠየቅም። ምርቱ ለረጅም ጊዜ በብዛት ወደ ውጭ የተላከው ቅቤ ሳይሆን ደረቅ ፍሬ ሆኖ ነው፤ ፋብሪካው ሽታውንም ቀለሙንም አጥፍቶ ቸኮሌት ውስጥ ያስገባዋል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያ ቸኮሌት ውስጥ ከካካዎ ቅቤ ሌላ እስከ 5 በመቶ የአትክልት ስብ ይፈቅዳል፤ ከተፈቀዱት ስድስት አንዱ ሺያ ነው። (ጋምቤላ ያለው የሺያ ዛፍ የምሥራቅ አፍሪካው ዝርያ ነው፤ ቅቤው ለስለስ ይላል።)

እኔን ያናደደኝ ዋጋው ነው። ሰፈር የሚመጣው ገዢ በደንብ ለተቀቀለውም ለበቀለውም አንድ ዋጋ ይሰጣል፤ እንግዲህ ማን ማገዶ ያባክናል? ፍሬው የሚሸጠው በሳህን ነው፣ ሳህኑም የገዢው። አንዱ ያመጣው ግርጌው በመዶሻ ተቀጥቅጦ ወደ ውጭ አብጧል። ሴቶቹ ያዩታል፣ ግን የትምህርት ቤት ክፍያ ስለደረሰ ይሸጣሉ። ከወራት በኋላ ዋጋው ሲወጣ የሚሸጥ አይኖራቸውም። እስከዚያ ማቆየት የቻሉት በማኅበር ፍሬያቸውን አንድ መጋዘን ያስገቡት ናቸው፤ እነሱ በኪሎ ነው የሚሸጡት፣ ሚዛኑም የራሳቸው ነው።